ከሹሩባ ወንበር ወደ ነብር ፊት፦ የአንድ ክረምት ማስታወሻ

ሰኔ 7፣ 2017

አፌ ጎተተኝ።

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ምድር ላይ ሹሩባ እሠራለሁ። ዛሬ አንዷ ደንበኛዬ ልጇን እያሠራች፣ ሐምሌ 26 ልደት እንደምትደግስ አጫወተችኝ። ኬክ ታዟል፣ ዴኮር ታዟል፣ ባሉን ታዟል። ፌስ ፔይንት፣ የልጆች ፊት ላይ በቀለም ሥዕል የሚሠራ ሰው ግን አጣች። አንዱን ከቦሌ ብታስጠራው «ኮዬ? እሱማ ክፍለ ሀገር ነው» ብሎ አሾፈባት። ለትራንስፖርት የጠየቃት ብቻ ከሥራው ዋጋ አይተናነስም። እኔም እጄ ጸጉር ውስጥ እንዳለ «ምን ችግር አለው፣ እኔ እሠራልሻለሁ» አልኳት።

እስከ ዛሬ ፊት ላይ ስዬ የማውቀው ኩል ነው። እሱንም የራሴ ዓይን ላይ።

ሰባት ሳምንት አለኝ። ያበላሸሁትን ደግሜ እንዳላበላሽ እዚህ እጽፋለሁ።

ሰኔ 9

መርካቶ ዋልኩ። ታክሲ እየቀያየሩ፣ ጭቃ እየዘለሉ።

የመጀመሪያው ሱቅ አክሪሊክ አወጣልኝ። የሥዕል ቀለም ነው። «ለልጅ ፊት ነው» ስለው ጀርባውን አዙሮ «መርዛማ አይደለም ይላል እኮ!» አለኝ። ይላል፣ አልዋሸም። ግን መርዛማ አይደለም የተባለው ወረቀትና ሸራ ላይ እስከዋለ ድረስ ነው እንጂ ለቆዳ ተሠርቷል ማለት አይደለም። አክሪሊክ ሲደርቅ ፕላስቲክ ይሆናል። ከፊት ላይ የሚወጣው ተቆራርጦና ተልጦ ነው። ፊት ላይ የሚቀባ ቀለም የመዋቢያ ዕቃ ሆኖ የተሠራ መሆን አለበት፤ ይሄን አስቀድሜ አንብቤ ነበር፣ ደግነቱ።

ሁለተኛው ሱቅ 12 ቀለም ያለው የሰም እርሳስ በ350 ብር ሰጠኝ። ርካሽ ስለሆነ ገዛሁት። ሦስተኛው ጋ ግን የምፈልገው ተገኘ፦ በውሃ የሚሟሟ፣ ክብ ኬክ የመሰለ ቀለም። በምማርባቸው ቪዲዮዎች የሁሉም አፍ ላይ ያሉት ስናዛሩ እና ሜህሮን የሚባሉ የፊት ቀለም ሠሪዎች ናቸው። ስናዛሩ የእንግሊዝ ነው፣ ከ1989 ጀምሮ አለ። ሜህሮን የአሜሪካ ነው፣ በ1927 ተጀምሮ ለቲያትር ሰዎች ሜካፕ ሲሠራ የኖረ ነው (ሁለቱም ዓመት በፈረንጅ)። ባለሱቁ ከዱባይ በሻንጣ የገባ ስድስት ቀለም ነበረው፦ ነጭ፣ ጥቁር፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ ሰማያዊና ወርቃማ። ከብሩሽና ከሰፍነግ ጋር 3,400 ብር ከፈልኩ። እህቴን 2,000 ብያታለሁ።

ሰኔ 11

ማታ የክንዴ ውስጠኛ ክፍል ላይ ከእያንዳንዱ ቀለም ትንሽ ትንሽ ቀብቼ ተኛሁ። 24 ሰዓት መጠበቅ ነው። ጠዋት የሰም እርሳሱ ቀይ ያረፈበት ቦታ ያሳክከኝ ጀመር። ማታ ሳጥበው ቀለሙ ለቀቀ፣ እሱ የነበረበት ቆዳ ግን እንደቀላ ቀረ። ኬኮቹ ምንም አላደረጉኝም።

ሳጥኑን በሙሉ ጣልኩት። 350 ብሬ።

ጸጉር ላይ ስለምሠራ ይሄን ነገር በቀላሉ አላየውም። ጥቁር የጸጉር ቀለም ውስጥ ፒፒዲ የሚባል ነገር አለ። «ጥቁር ሂና» እያሉ እሱን እጅ ላይ የሚስሉ አሉ። ቆዳ ላይ ሲውል አንዳንዱን ሰው ውሃ አስቋጥሮ ጠባሳ እስከመተው ይደርሳል። አንዴ የአንዲት ደንበኛዬ ግንባር በጸጉር ቀለም እንዴት እንዳበጠ አይቻለሁ። ዓይኗ ተከድኖ ነበር።

ሰኔ 14

የእህቴ ልጅ ስድስት ዓመቷ ነው። «ቢራቢሮ» አለች። ቢራቢሮ ሠራሁ።

«አክስቴ፣ ይሄ የሌሊት ወፍ ነው?»

ጥቁሩ መስመር ወዲያና ወዲህ ይዋልላል፣ አንዱ ክንፍ ጆሮዋ ደርሷል፣ ሌላው ቅንድቧ ላይ ቆሟል። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ሰማያዊው ጉንጯ ላይ እንደ እንባ ወረደ። ቀለሙን ወቀስኩ። እህቴ ግን ከበር ላይ ሆና «ያንን ሁሉ ውሃ ምን ልትሠሪበት ነው? ልታጥቢያት ነው ልትቀቢያት?» አለችኝ።

ሰኔ 21

አንድ ሳምንት ሙሉ ፊት አልነካሁም። ሳህን ጀርባ ላይ፣ ክንዴ ላይ፣ ማታ ማታ ጉልበቴ ላይ መስመር ብቻ። የሚገርመው ነገር፣ ክህሎቱ ግማሽ በግማሽ ውሃ መመጠን ነው።

ለመስመር፦ ብሩሹን ውሃ ውስጥ ነክሮ ጠርዙ ላይ ማራገፍ፣ ከዚያ ኬኩ ላይ ማዞር፣ ማዞር፣ ማዞር። አሥር አሥራ አምስት ዙር። ቀለሙ እንደ አጥሚት ሲሆን ደርሷል። ሻይ ከመሰለ ይወርዳል። ሊጥ ከሆነ ብሩሹ ይንቀረፈፋል፣ ደርቆም ይሰነጣጠቃል።

ሁለተኛው ነገር እጅ ነው። ብሩሹን እንደ እስክሪብቶ አስተኝቼ ስይዘው መስመሩ ይወፍርብኝ ነበር። ቀጥ አድርጌ፣ ጫፉ ብቻ ቆዳውን እንዲነካ ሳደርገው ቀጠነ። ትንሿን ጣቴን ደግሞ አገጭ ወይም ጉንጭ ላይ አሳርፋለሁ። ልጁ ሲንቀሳቀስ እጄም አብሮት ይንቀሳቀሳል፣ መስመሩ አይሰበርም።

ሦስተኛውን ማንም አላስተማረኝም፣ ከሹሩባ ያመጣሁት ነው። ጸጉር በሚዶ ጭራ ስንከፍል ሚዶውን እያየን ከሄድን መንገዱ ይጣመማል። የምናየው የሚያልቅበትን ቦታ ነው። ብሩሽም እንደዚያው ሆኖ አገኘሁት። ከአፍንጫ ሥር ተነስቼ ጆሮ ጋ ለመድረስ ጆሮውን ነው የማየው።

ከዚያ ጠብታ አለ። የብሩሹን ሆድ ጫን፣ እየጎተቱ ቀስ በቀስ ማንሳት፣ ጫፉ ላይ አየር ላይ መጨረስ። ራሱ ወፍራም ጭራው ቀጭን የሆነ ጠብታ ይወጣል። አምስት ጠብታ ከአንድ ነጥብ ዙሪያ ከተደረደረ አበባ ነው። ሦስት ከተነባበረ ላባ ነው። ወደ ውጪ ከታጠፈ የቢራቢሮ ክንፍ ጠርዝ ነው። ዛሬ ማታ 200 ያህል ጠብታ ሠራሁ። የመጨረሻዎቹ 30 ደህና ናቸው።

ሐምሌ 5

ሰፍነግ። ሰፊ ቦታ የሚቀባው በሰፍነግ ነው፣ ሰፍነጉም ተጨምቆ ተጨምቆ ጠብ የሚል ነገር ሲያጣ ነው ቀለም የሚነካው። ማሸት የለም፣ መታ መታ ማድረግ ነው። ካሹት ቀድሞ የተቀባውን እያነሳ ዝንጉርጉር ያደርገዋል።

እዚህ ጋ ትልቁ ራስ ምታቴ መጣ፦ ነጭ።

የማያቸው ቪዲዮዎች ላይ ያሉት ልጆች አብዛኞቹ ፈረንጅ ናቸው። መጀመሪያ ዓይን ዙሪያና አፍ ዙሪያ ስስ ነጭ ያደርጉና ፊቱ ያበራል። እኔም እንዳየሁት አደረግሁ። የእህቴን ልጅ ያየ ጎረቤት «ምነው፣ ከወፍጮ ቤት ነው የመጣችው?» አለ። እውነቱን ነው። ስስ ነጭ በእኛ ቆዳ ላይ አመድ ነው። ወፍራም ሳደርገው ደግሞ ለቀብር የተላጨ መሰለ (የተላጨ ሰው ነጭ ይሆናል ወይ አትበሉኝ፣ ስታዩት ይገባችሁ ነበር)።

ሮዝና ውሃ ሰማያዊም እንደዚያው። እንደደመቁ የሚቀሩት ቢጫ፣ ቀይ፣ ወርቃማና ደማቅ ሰማያዊ ናቸው። ነጭን ለመጨረሻ አስቀርቼ በብሩሽ ነጥብና ቀጭን ጠብታ ብቻ ሳደርገው ግን፣ ጥቁሩ ላይና ቡናማው ላይ ጥርስ ይመስል ፍልቅ ይላል። ከደብተሬ ላይ «ነጭ መሠረት» የሚለውን ሰርዤ «ነጭ ጌጥ» ብዬ ጻፍኩ።

ሐምሌ 12

ብሎካችን ውሃ በፈረቃ ነው። ይሄ ሳምንት የእኛ ፈረቃ የት እንደገባ አይታወቅም። ጀሪካን ደርድረን ከሮቶ ነው የምንቀዳው።

ለምን እዚህ ጻፍኩት? የአንድ ልጅ ሰፍነግ ሌላ ልጅ ፊት ላይ አይሄድም። ይሄ ድርድር የለውም። አንዱ የዓይን ማዝ ካለበት አሥሩ ይዘውት ይሄዳሉ። ስለዚህ ለአንድ ልጅ አንድ ሰፍነግ። ክብ የፓውደር ሰፍነግ ገዝቼ ለሁለት ለሁለት ቆረጥኳቸው፣ 40 ግማሽ ጨረቃ ወጣኝ። ንጹሑ በአንድ ዕቃ፣ የተሠራበት ፌስታል ውስጥ። ቤት ሲገባ በሳሙና ይታሻል፣ ይለቀለቃል፣ ይደርቃል። ብሩሹም ከልጅ ልጅ በሳሙና ውሃ ይታጠባል። አንዱ ብርጭቆ ለማጠቢያ፣ ሌላው ቀለም ለማርጠቢያ፣ ውሃው በየአራት አምስት ልጁ ይቀየራል። ደምሬ ስመለከተው ለ20 ልጅ ከነእጄ መታጠቢያ አንድ ሙሉ ጀሪካን ያስፈልገኛል። ይዤ መሄድ አለብኝ እንጂ ድግስ ቤት ውሃ አለ ብዬ አልተማመንም።

ማድረቁስ? ሐምሌ ውስጥ ፀሐይ ከየት ይመጣል። እርጥብ ሰፍነግ ሁለት ቀን ካደረ ይሸታል፣ ይሻግታል። እህቴ እንጀራ ጋግራ ስትጨርስ ምጣዱ ከጠፋ በኋላ አክንባሎው ላይ ደረደርኳቸው። ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። አሁን ሰፍነጎቼ እንጀራ እንጀራ ይሸታሉ። ከሻጋታ ይሻላል።

ሐምሌ 19

አንድ ቀን ሙሉ ያናደደኝ ነገር። ሹሩባ የሠራኋት ልጅ ላይ ልለማመድ ብዬ ግንባሯ ላይ ዘውድ ጀመርኩ። ቀለሙ አልይዝ አለ። መስመሩ ልክ ቅባት ላይ እንደፈሰሰ ውሃ እየተሰበሰበ ነጠብጣብ ይሆናል። ውሃ ቀነስኩ፣ ጨመርኩ፣ ብሩሽ ቀየርኩ። እጄን ሳየው ያብረቀርቃል።

ቅባት! ጸጉር ስሠራ የቀባሁት ቅባት ወደ ግንባሯ ወርዷል። በቫዝሊን የታሸ ጉንጭም ያው ነው፣ እናት ልጇን ድግስ ስትወስድ ደግሞ መጀመሪያ የምታደርገው በቫዝሊን ማብረቅረቅ ነው። የውሃ ቀለም ቅባት ላይ አይቆምም። በሳሙና ጨርቅ ጠርጌ፣ በንጹሕ ውሃ አልፌበት፣ አድርቄ ስሞክረው ፍጹም ሌላ ነገር ሆነ። ቅባቱ የራሴ እጅ ሥራ ነበር፣ ስወቅስ የዋልኩት ቀለሙን።

ሐምሌ 22

ሦስት ልጅ፣ 27 ደቂቃ። በዚህ አካሄድ አልደርስም።

ሐምሌ 26

ልደቱ ዛሬ ነበር። ከታች እስከ ላይ ልንገራችሁ።

ብሎኩ መሃል ያለው የጋራ አዳራሽ ውስጥ ነው። ስምንት ሰዓት ላይ ጀሪካኔን በኮረኮንች ጎትቼ ደረስኩ። 17 ልጅ። ሁሉም ግር ብለው ከበቡኝ፣ አንዱ ጥቁሩ ኬክ ውስጥ ጣቱን ነከረ፣ ሌላዋ የሚበላ መስሏት ቀይዋን ላሰች። (አፏን አጥቤ እናቷን ጠራሁ፣ ምንም አልሆነችም፣ ሳቀች።)

«ምን ልሥራልህ?» ብዬ መጠየቄ ስህተት ነበር። አንዱ አውሮፕላን አለ። አንዱ «የአባቴን ባጃጅ» አለ። አንዷ ሙሽራ። እኔ ደግሞ እምቢ ማለት አልችልም። ባጃጅ ፊት ላይ ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? ጎማዎቹ አፍንጫው ግራና ቀኝ አረፉ።

የልደት ባለቤቷ ቢራቢሮ ግን ተሳካ። አመል ሆኖብኝ ደጋግሜ የሠራሁት እሱን ነው። ከቅንድቧ በላይ ቢጫ፣ ከዓይኗ ጥግ ወደ ጆሮዋ ሰማያዊ፣ ሁለቱ እርጥብ ሳሉ መገናኛቸው ላይ በሰፍነጉ መታ መታ ሳደርግ በመሃል አረንጓዴ ራሱ ወጣ። ከዚያ ጥቁር መስመር፣ ከዚያ ነጭ ጠብታ። ከታችኛው ሽፋሽፍት ሥር ለመሥራት «ጣሪያው ላይ ያለውን ባሉን ቁጠሪልኝ» አልኳት። ወደ ላይ አየች፣ ዓይኗ ቆመ። «አሥራ አንድ» ስትል ጨርሼ ነበር።

ከዚያ አሥር ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። የክረምት ደመና፣ ጨለማ አዳራሽ። አምስት ልጅ ይቀረኛል። በር ላይ ወንበር አውጥቼ ቀጠልኩ። እዚያ ደግሞ ካፊያ አለ። አንዱ ትንሽዬ፣ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው፣ እናቱ ጭኔ ላይ አስቀመጠችውና ብሩሹን ሲያይ አለቀሰ። እንባው ቀለሙን ይዞ ወረደ። ከሦስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ፊት ባይቀባ ይመረጣል፤ ቆዳቸውም ስስ ነው፣ ዓይናቸውንም ያሻሉ። አውቄው ነበር፣ ግን እናትየውን አፍሬ ዝም አልኩ። ፊቱን አጥቤለት እጁ ላይ አንዲት ኮከብ ሠራሁለት። እሷን እያየ ዝም አለ።

በአማካይ ለአንድ ልጅ 9 ደቂቃ ፈጀብኝ፣ በአጠቃላይ ሁለት ሰዓት ተኩል። ኬኩ ሲቆረስ ሦስት ልጆች ገና ወረፋ ላይ ነበሩ። 1,500 ብር ተሰጠኝ። ወገቤ ተቆርጧል። ከእንግዲህ ልጁ ከፍ ያለ ወንበር ላይ፣ እኔ ቆሜ። ለሹሩባ ዝቅ የሚለው እሱ ነው፣ ለዚህ ሥራ ተገላቢጦሹ ነው።

ነሐሴ 3

ፍልሰታ ገብቷል። ልደት የሚደግስ የለም፣ ሹሩባውም ቀዝቅዟል። ለልምምድ የተሰጠኝ ጊዜ ነው ብዬ ተቀበልኩት።

ልጆች አጥብቀው የሚጠይቁት ነብር ነው። ከቪዲዮ የተማርኩት ባለ ጥቁር መስመሩን ነው፦ ብርቱካንማ ፊት፣ ነጭ አፍ፣ ጥቁር ሽንትር። ነጩ አመድ ሆነ፣ ብርቱካኑ ዛገ። ሦስተኛ ፎቅ ያሉ እማማ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በረንዳ ላይ ቆመው የጎረቤትን ልጅ ስቀባ አዩኝ።

«ይሄ ምንድን ነው ልጄ?»

«ነብር ነው እማማ።»

«ነብር?» ጠጋ ብለው አዩት። «ነብር መቼ ነው እንደ ሜዳ አህያ መስመር ያወጣው? ነብር ዥንጉርጉር ነው እንጂ! እናንተ የት ነው የምታዩት ነብር?»

የምናየው ስልክ ላይ ነው። ባለ መስመሩ የእስያ ነው። የእኛ አገሩ ነብር ነጠብጣብ ነው። እማማ ደረጃውን ወጥተው ሳይጨርሱ ልጁን ፊቱን አጥቤ እንደገና ጀመርኩ።

የመጣው ይሄ ነው። ቢጫና ወርቃማ በአንድ ሰፍነግ ላይ፣ ግንባርና ጉንጭ ላይ ብቻ፣ ስስ አድርጌ። አፍና አገጭ ላይ ምንም፣ የልጁ የራሱ ቆዳ። ቀይና ጥቁር ቀላቅዬ ቡናማ ሠራሁ። በእሱ ጥፍር የሚያክሉ ነጥቦች ረጨት አደረግሁ፣ ዓይን አካባቢ ትንንሽ፣ ወደ ጆሮ ሲሄድ ትልልቅ። ከዚያ እያንዳንዱን በጥቁር ከበብኩ። ግን ክቡን አልዘጋሁትም። አንዱ ጋ ሁለት ቅንጣቢ፣ ሌላው ጋ ሦስት፣ እንደ ተቆረሰ ቀለበት። የነብር ነጥብ እንደዚያ ነው። በመጨረሻ የአፍንጫ ጫፍ ጥቁር፣ ከአፍንጫ ሥር አንድ መስመር ወደ ከንፈር፣ ለጢም ስድስት ነጭ ጠብታ።

4 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ። መስመር ትንሽ ቢወላገድ ማንም አያውቅም፣ ነጥብ ነዋ። አመድ የለ፣ ዝገት የለ። ከታች ያለው ቡናማ ቆዳ ራሱ የነብሩ ቆዳ ሆኖ ቁጭ አለ። ልጁ መስታወት አይቶ ምንም ሳይል ደረጃውን በአራት እግሩ ወጥቶ እማማ በር ላይ አገሳ።

ነሐሴ 13

ቡሄ። ጭፈራ ሊሄዱ የነበሩ ስምንት ወንዶች ልጆች «ነብር ቀቢን» ብለው መጡ። ስምንቱንም ቀባሁ፣ 41 ደቂቃ። ክፍያ፦ አንድ ሙልሙል፣ እሱም ተገምጦ። ብሎክ 30 አካባቢ ያሉ አንድ አባት «ይሄ የፈረንጅ ነገር ቡሄ ላይ ምን ይሠራል» ብለው ተቆጧቸው አሉ። እኔ ብኖር ኖሮ አንድ ነገር እላቸው ነበር። ኦሞ ወንዝ ዳር ያሉት ካሮዎች በነጭ አፈር፣ በከሰልና በቀይ ድንጋይ ዱቄት ፊታቸውንና ሰውነታቸውን ይስላሉ፣ ማንም ፈረንጅ አላስተማራቸውም። እናቶቻችንስ በእንሶስላ እጅና እግራቸውን ሲያቀሉ ከየት አመጡት?

ለነገሩ ሰውየውን አላውቃቸውም። ደግሞ ሙልሙሉን የሰጡት እሳቸው ሊሆኑ ይችላሉ።

ነሐሴ 24

ፍልሰታ ከተፈታ ወዲህ ሁለተኛው ድግስ፣ ወደ ቱሉ ዲምቱ በኩል፣ ግቢ ያለው ቤት። 22 ልጅ፣ 3,000 ብር።

ከበፊቱ የተለወጠው፦ ካርቶን ላይ ስድስት ሥዕል ለጥፌ ወሰድኩ። ነብር፣ ቢራቢሮ፣ አንበሳ ከነጎፈሩ፣ ዘውድ፣ የሸረሪት ድር፣ አበባ። ከስድስቱ ምረጥ። ባጃጅ የለም። ለወረፋ ቁጥር የጻፍኩባቸው ካርዶች አደልኩ። ለዘውዱ ቅርጽ ከክላሰር ሽፋን በምላጭ የቆረጥኩትን ስቴንስል (ቅርጹ የተቦረቦረበት ላስቲክ) ተጠቀምኩ፣ በሰፍነግ ሦስት ጊዜ መታ ማድረግ ነው። ብልጭልጩ ለመዋቢያ የተሠራው ነው፣ ቅንጣቱ ወደ 0.2 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የጽሕፈት መሣሪያ ቤቱ ብልጭልጭ ጠርዙ ስለታም ነው፣ ዓይን ከገባ ይቧጭራል፤ ያንን ልጅ አጠገብ አላስቀርብም። ለመዋቢያ የተሠራውንም ከዓይን ራቅ አድርጌ፣ ጉንጭ አጥንት ላይ ብቻ።

ሁሉም ደህና ሄዶ ነበር፣ 14ኛው ካርድ እስኪመጣ። ሰባት ዓመት የሚሆናት ልጅ፣ ነጭ ቀሚስ። ጉንጯ ላይ ሳንቲም የሚያክል ክብ፣ ዳሩ ቀላ ያለ፣ መሃሉ የተፈረፈረ። ጭርት ነው። ጸጉር ቤት ለሠራ ሰው ጭርት ሩቅ አይደለም።

ፊቷን እንደማልቀባ ለእናትየው በጆሮዋ ነገርኳት። «እህቴ፣ ይሄ ቀለም ቢነካው ይብስባታል፣ ወደ ሌሎቹም ይተላለፋል።» ድምፄን ዝቅ ያደረግሁ መስሎኝ ነበር።

«ልጄን ተጠየፍሽ?» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማ።

አልተጠየፍኩም። ግን ምን ብዬ ላስረዳት? ልጅቷ መሃላችን ቆማ ጫማዋን ታያለች። ያንን ማየት ነው የከበደኝ። ዝም ብዬ ትንሽ ቀለም ከኬኩ በንጹሕ ማንኪያ ጫፍ ፍቄ ክዳን ላይ አደረግሁ፣ በጆሮ ማጽጃ ጥጥ የግራ እጇ አንጓ ላይ አምባር ሠራሁላት። ወርቃማ መደብ፣ ቀይ ነጥብ፣ መሃሉ ላይ አበባ። ጊዜ ወሰድኩበት፣ ከሌሎቹ ሁሉ በላይ አሳመርኩት። ጥጡንና ክዳኑን ጣልኩ፣ እጄን ታጠብኩ። አንዲት ልጅ መጥታ «እኔም የሷን ዓይነት» ስትል ልጅቷ ቀና አለች። ከዚያ በኋላ አራት ልጆች ዘውዱን ትተው አምባር ጠየቁ።

እናትየው ስትወጣ አልተሰናበተችኝም።

ማታ ለራሴ የያዝኩት፦ ቁስል፣ ጭርት፣ የቀላ ዓይን፣ የከንፈር ቁስል መኖሩን ወረፋው ከመጀመሩ በፊት ዞር ዞር ብሎ ማየት። እምቢታው ወንበር ላይ ሳይሆን ዳር ላይ ይሁን። አምባሩን ደግሞ ካርቶኑ ላይ ሰባተኛ አድርጌ ለጠፍኩት፣ ማንም ልጅ ለብቻው የተሰጠው እንዳይመስለው።

ጳጉሜ 3

ሩፋኤል ነው። ከሰዓት አንበሳ እየሞከርኩ ነበር፣ ጎፈሩ ላይ ጠብታዎቹን ከግንባር ወደ ላይ እየደረደርኩ። ሦስት አንበሳ ጨርሻለሁ፣ አራተኛው ወንበር ላይ ነው። ዝናቡ ወረደ።

አራቱም ተስፈንጥረው ወጡ። «ሩፋኤል አሳድገኝ!» እያሉ ብሎኩ መሃል ያለው ሣር ላይ። ሸሚዛቸውን ወርውረዋል። ከበር ላይ ቆሜ አየሁ። መጀመሪያ ጎፈሩ ወረደ፣ ቀጥሎ ጥቁሩ አፍንጫ፣ ቢጫው ደረታቸው ላይ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ንጹሕ ልጆች። የአንድ ሰዓት ሥራ ቦይ ውስጥ ገባ።

አንድ ነገር ግን አየሁ። ቀዩ አልለቀቀም። ሁሉም ጉንጭ ላይ ሮዝ ጥላ ቀርቷል። ቀይ ቆዳ ላይ ይቀራል፣ በተለይ ባዶ ቆዳ ላይ በቀጥታ ካረፈ። ካሁን በኋላ ቀይን ቢጫ ላይ እንጂ ባዶ ቆዳ ላይ አላሳርፍም። ለእናቶችም እነግራለሁ፦ ሳሙናውን በጣት አሽቶ፣ ትንሽ ማቆየት፣ ከዚያ ለብ ባለ ውሃ። በደረቅ ሶፍት መፈግፈግ የለም፤ የሚያቀላው እሱ ነው።

ጀሪካኖቼንም ሁሉ አውጥቼ ከአሸንዳው ሥር ደረደርኩ። የሩፋኤል ውሃ ለጠበል ነው ይላሉ እማማ፣ እኔ ግን ሁለቱን ለሰፍነግ ያዝኩ። አልነገርኳቸውም።

መስከረም 1፣ 2018

ጠዋት አንድ ሰዓት አልሞላም፣ በር ተንኳኳ። እማማ በር ላይ አገሳ ያልኩት ያ ልጅ ነው። አዲስ ልብስ፣ እጁ ላይ ወረቀት። «እንቁጣጣሽ!» ብሎ ዘረጋልኝ። በከለር እርሳስ የሣለው ነው፦ ፀሐይ፣ ሦስት አደይ አበባ፣ አንድ ነብር። ነብሩ ነጠብጣብ ነው፣ ክቦቹ አልተዘጉም።

ብር ልሰጠው ቦርሳዬን ሳነሳ «ብር አልፈልግም፣ ቀቢኝ» አለ። ከኋላው ደረጃው ላይ ስድስት ሰባት ልጅ ተደርድሯል፣ ሴቶቹ ለአበባዮሽ የሚሄዱ ናቸው፣ ሁሉም ጉንጭ በቫዝሊን ያብረቀርቃል።

ውሃ የለም። ከሩፋኤል ጀሪካን ግማሽ ቀርቷል። ሳሙና፣ ጨርቅ፣ ሰፍነግ ከአክንባሎው ላይ። ለሴቶቹ አደይ አበባ፣ ከቅንድብ ጥግ ወደ ጉንጭ የሚወርድ፣ ስምንት ቢጫ ጠብታ ከመሃሉ ወርቃማ ነጥብ ጋር። አንዷ አንድ ደቂቃ ከግማሽ አልፈጀችም። ጠብታው አሁን እጄ ላይ አለ፣ ሳላስበው ይወጣል።

እህቴ ቡና እያፈላች «3,400 ብር ነበር አይደል?» አለችኝ። ለካ ደረሰኙን አይታዋለች።

ቢጫው ኬክ መሃሉ ተበስቶ ቆርቆሮው ታየ። 2 ቁጥር ብሩሽ ጫፉ ለሁለት ተከፍሏል። ቅዳሜ መርካቶ፦ ቢጫ ሁለት፣ ብሩሽ አንድ፣ የጆሮ ማጽጃ ጥጥ አንድ ካርቶን።